አያ ተሻገር ከሜዳ እንዴት ተነሡ

ተረት አለችኝ፣ ከሐይቅ የወጣች፤ ገና እርጥብ ናትና ጠጋ ብላችሁ ስሙ።

በጣና ዳር ደንገል በር የምትባል መንደር ነበረች። በዚያች መንደር እትዬ እንጉዳይ የሚባሉ፣ ምላሳቸው ከምላጭ የሰላ መበለት ይኖሩ ነበር። የሟቹ ባላቸው ስም አያ ተሻገር ነው። አያ ተሻገር ታንኳን በእግር ያስኬዱ ሰው ናቸው። ቀድሞ ነፋስ በተነሣ ቀን አራት ቀዛፊ ቢረባረብም ማዶ መድረስ አይቻልም ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ወላድ፣ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ጣሪያው እየታያት፣ ውሃ መሃል ሕይወቷ አለፈ። አያ ተሻገር ከቀብሯ እንደተመለሱ ሥራ ጀመሩ። አሮጌ የብስክሌት ቸርኬ ፈልገው፣ ዙሪያውን የቆርቆሮ መቅዘፊያ ተክለው፣ ከነፔዳሉ ታንኳቸው ላይ አሰሩት። ተቀምጠው ፔዳሉን ሲረግጡ ቸርኬው ውሃውን እየዛቀ ታንኳዋን ነፋሱን ሰንጥቆ ያወጣታል። ከዚያ ወዲያ ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ላይ ቀርታ አታውቅም።

እንግዲህ እኒህ ሰው ሐውልት ይገባቸዋል ተባለ። ነሐስ ከየት ይምጣ? የመንደሩ ሰው ወጥቶ ሐይቁ የተፋውን ሁሉ ለቀመ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የተበጣጠሰ መረብ፣ ያለቀ ነጠላ ጫማ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የዛገ ፌሮ። የሥዕል መምህሩ ሙላቴም አንዱን እየበየደ፣ ሌላውን እያሰረ፣ አያ ተሻገርን ልክ ታንኳ ሲነዱ እንደነበሩት፣ ጉልበታቸውን አጥፎ፣ ወገባቸውን ጎንበስ አድርጎ ወደቡ ላይ አስቀመጣቸው። የቀረው ቸርኬው ብቻ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው። ቸርኬ ከፊታቸው የሌለ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ፊታቸውን ያኮሳተሩ አያ ተሻገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሊጸዳዳ ሜዳ የወጣ ሰው ይመስላሉ። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ፊቱን ያዞራል። አንዳንዱ አፉን በጋቢው ይሸፍናል። አንዲት መንገደኛማ እውነት ሰው መስሏት፣ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠይቃ አለፈች።

ምርቃቱ እሑድ ነው። እትዬ እንጉዳይ ባላቸው እንዲህ ሆነው እንደማይመረቁ ተናግረው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተነሡ። የአያ ተሻገር የራሳቸው ቸርኬ የት እንዳለ ያውቃሉ። ታንኳዋ በስብሳ ስታልቅ ለብስክሌት ጠጋኙ ለልየው የሰጡት እሳቸው ናቸው።

ልየው ቸርኬውን አልካደም። ከጓሮው ወስዶ አሳያቸው። ከነመቅዘፊያው ከነፔዳሉ የዶሮ ቆጡ አፍ ላይ ቆሟል፤ በር የለውምና በር ሆኗል። ቸርኬው የተነሣ ዕለት ሸለምጥማጥ ገብቶ ዶሮዎቹን ይጨርሳቸዋል፤ በር ያምጡልኝና ይውሰዱት አለ። እትዬ እንጉዳይ ዶሮዎቹን አዩ፣ ዶሮዎቹም እሳቸውን አዩ። በሩ ተሠርቶ ቆጡ አይዘጋ፣ ቆጡ ተዘግቶ ቸርኬው አይመጣ፣ ቸርኬው መጥቶ አያ ተሻገር ከሜዳ አይነሡ!

ወደ አናጢው ወደ ይርሳው ሄዱ። ይርሳው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ተሠርቶ ባላለቀ አልጋ ላይ ተጋድሞ አገኙት። በር መሥራት ለእሱ ቀላል ነው፤ ጣውላውም አለ። መጋዙን ግን ታንኳ ሠሪው አስማረ ለአንድ ቀን ብሎ ወስዶ በዚያው ቀረ። በጥርሱ እንዳይቆርጠው ጥርሱም ያው እንደሚያዩት ነው ብሎ ድዱን አሳያቸው። እትዬ እንጉዳይ ሳይወዱ ሳቁ። መጋዙ ተመልሶ በሩ አይሠራ፣ በሩ ተሠርቶ ቆጡ አይዘጋ፣ ቆጡ ተዘግቶ ቸርኬው አይመጣ፣ ቸርኬው መጥቶ አያ ተሻገር ከሜዳ አይነሡ!

አስማረ በግማሽ የታሰረች የደንገል ታንኳ ውስጥ ተቀምጦ፣ መጋዙን እንደ መሰንቆ ጭኑ ላይ አጋድሞ ያዛጋል። የደንገሉን ጫፍ የሚያስተካክለው በመጋዙ ነው። ታንኳዋ ታስራ ሳታልቅ መጋዙን ቢሰጥ ይርሳው ዳግመኛ አያውሰውም፤ የሰው ጠባይ ያውቃል። የጎደለው አንድ እስር ደንገል ብቻ ሲሆን፣ ደንገል አጫጇ ባንቻምላክ አመጣለሁ ብላ ጠፍታበታለች። እትዬ እንጉዳይ መጋዙን ለመንጠቅ እጃቸውን ሰደድ አደረጉ፤ አስማረ ግን ቀድሞ ተቀመጠበት። መጋዝ ላይ የተቀመጠን ሰው ብዙ አይከራከሩትም። ደንገሉ መጥቶ ታንኳው አይታሰር፣ ታንኳው ታስሮ መጋዙ አይመለስ፣ መጋዙ ተመልሶ በሩ አይሠራ፣ በሩ ተሠርቶ ቆጡ አይዘጋ፣ ቆጡ ተዘግቶ ቸርኬው አይመጣ፣ ቸርኬው መጥቶ አያ ተሻገር ከሜዳ አይነሡ!

ባንቻምላክ ማጭዷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዳር ቆማለች። እትዬ እንጉዳይ ስንፍናዋን ከአያት ቅድመ አያቷ ጀምረው ሊቆጥሩ ሲሉ፣ በጣቷ ወደ ደንገሉ አመለከተች። ከደንገሉ መሃል ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ዓይንና እንደ ጉድጓድ የሰፋ ሁለት አፍንጫ ይታያል። ጉማሬ ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ተኝቶ ይውላል። ባንቻምላክ ደንገል ለማጨድ እንጂ ለመታጨድ አልወጣችም።

እትዬ እንጉዳይ ግን ጉማሬውንም ተናገሩት። ወፍራም ብለው ሰደቡት፣ በሥላሴ ስም ለመኑት፣ ሌላ ወሽመጥ ጠፍቶ እንደሆነ ጠየቁት። ጉማሬው በአፍንጫው ውሃ ረጫቸው። ቀሚሳቸውን እየጨመቁ ተመለሱ። ጉማሬው ሄዶ ደንገሉ አይታጨድ፣ ደንገሉ ታጭዶ ታንኳው አይታሰር፣ ታንኳው ታስሮ መጋዙ አይመለስ፣ መጋዙ ተመልሶ በሩ አይሠራ፣ በሩ ተሠርቶ ቆጡ አይዘጋ፣ ቆጡ ተዘግቶ ቸርኬው አይመጣ፣ ቸርኬው መጥቶ አያ ተሻገር ከሜዳ አይነሡ!

ጉማሬው ለምን አይሄድም? ባንቻምላክ ነገረቻቸው። ከደንገሉ በላይ የአባ ጌጡ የዱባ ማሳ አለ። ዱባው በስሎ እንደ ድንጋይ ተበትኗል። ጉማሬው ማታ ማታ ወጥቶ እንደ ሎሚ እያፈረጠ ይበላና ሲነጋ ተመልሶ ይተኛል። እንዲህ ያለ ግብዣ ትቶ የሚሄድ እንኳን ጉማሬ ሰውም የለም።

እትዬ እንጉዳይ ወደ አባ ጌጡ ወጡ። ሽማግሌው ማሳቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በጉማሬ የፈረጠ ዱባ ፍሬ እየለቀሙ ነበር። እትዬ እንጉዳይ ሰላምታም ሳያስቀድሙ ዱባውን እንዲያነሡ ለመኗቸው። በምን ላንሣው አሉ አባ ጌጡ። አህያ አለ፤ መጫኛም አለ፤ ከረጢት ግን ከመንደሩ ጠፍቷል፤ አንድም ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት የለም።

"ኧረ ከረጢት ደግሞ ምን በላው?" አሉ እትዬ እንጉዳይ፣ ትዕግሥታቸው አልቆ። "ይኸው እኮ፣ አንድ ከረጢት ተገኝቶ ዱባው አይነሣ፣ ዱባው ተነሥቶ ጉማሬው አይሄድ፣ ጉማሬው ሄዶ ደንገሉ አይታጨድ፣ ደንገሉ ታጭዶ ታንኳው አይታሰር፣ ታንኳው ታስሮ መጋዙ አይመለስ፣ መጋዙ ተመልሶ በሩ አይሠራ፣ በሩ ተሠርቶ ቆጡ አይዘጋ፣ ቆጡ ተዘግቶ ቸርኬው አይመጣ፣ ቸርኬው መጥቶ ባሌ ከሜዳ አይነሡ! ማን ነው የዚህን አገር ከረጢት የሰበሰበው?"

አባ ጌጡ የዱባ ፍሬያቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። "አንቺ ነሻ፣ እንጉዳይ።"

እትዬ እንጉዳይ ዞረው ወደ ወደቡ ተመለከቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ተሻገር በሕይወታቸው እንደ ደንገል የቀጠኑ ሰው ነበሩ። ቀን ከሌት ፔዳል የሚረግጥ ሰው ከየት ይወፍራል? መንደሩ ግን እንጉዳይ ባሏን አታበላውም እያለ ሲያማቸው ኖሯል። ይህ ሐሜት በልባቸው ቀርቶ፣ ሐውልቱ ሲሠራ ቤት ለቤት ዞረው ከረጢቱን ሁሉ ለምነው አመጡ፤ መምህር ሙላቴንም አስጨንቀው የአያ ተሻገርን ሆድ በከረጢት አስጠቀጠቁት። የደንገል በር ከረጢት በሙሉ ወደብ ላይ፣ በአያ ተሻገር ሆድ ውስጥ ነበር።

ወደ ወደቡ ተመለሱ። ሆዱ ቢወጣ ሐሜቱ ለዘላለም በብረት ተበይዶ ሊቀር ነው። ሆዱ ቢቀር ደግሞ አያ ተሻገር ለዘላለም ሜዳ ሊቀሩ ነው። እትዬ እንጉዳይ ከሐውልቱ ፊት ቆመው ብዙ አሰቡ። ኋላ ያችን ማዶ ሳትደርስ የቀረችውን ወላድ አስታወሱ። እሳቸው ስለ ሰው አፍ ሲጨነቁ፣ ባላቸው ስለ ሰው ነፍስ ፔዳል ሲረግጡ ኖረው ነበር።

"ሙላቴ፣ ቢላ ስጠኝ" አሉ።

ሆዱን የሸፈነውን መረብ ከእምብርት እስከ ደረት ተረተሩት። ከረጢቱን አንድ በአንድ መዘዙት። አያ ተሻገር እየሰለሉ፣ እየሰለሉ ሄደው የፌሮ ጎድናቸው ታየ። ከዳር ሆነው ይመለከቱ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ፈገግታቸው ጠፋ፤ አንዱ ቆቡን አወለቀ። አሁን ገና ራሳቸውን መሰሉ አለ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ከረጢቱ ተገኘ፣ ዱባው ተነሣ። ዱባው ተነሣ፣ ጉማሬው አኩርፎ ሌላ ወሽመጥ ሄደ። ጉማሬው ሄደ፣ ደንገሉ ታጨደ። ደንገሉ ታጨደ፣ ታንኳው ታሰረ። ታንኳው ታሰረ፣ አስማረ ከመጋዙ ላይ ተነሣ። መጋዙ ተመለሰ፣ በሩ ተሠራ። በሩ ተሠራ፣ ቆጡ ተዘጋ። ቆጡ ተዘጋ፣ ቸርኬው መጣ። ቸርኬው መጣ፣ አያ ተሻገርም በደንገል በር ሕዝብ ፊት ከሜዳ ተነሥተው ታንኳቸው ላይ የተቀመጡ መሰሉ።

እሑድ ዕለት ሰው ሁሉ ወደቡን ሞላው። ንግግር የሚያደርጉት ሰዎች ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ከሐይቁ ነፋስ ተነሣ፤ የቆርቆሮ መቅዘፊያዎቹን አንድ ጊዜ ገፋ፣ ሁለተኛ ገፋ፣ ቸርኬውም መዞር ጀመረ። ፔዳሉ አብሮ ሲዞር የነጠላ ጫማው እግር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

እትዬ እንጉዳይ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ባላቸውን በስም ጠርተው አያውቁም፤ "እርስዎ" ነበር የሚሏቸው። ያን ዕለት ግን ጠጋ ብለው፣ የዘይት ቆርቆሮውን ጉንጭ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና፣ ለጆሮው ብቻ፦

"በል እንግዲህ" አሉት፤ "ተሻገር።"

ተረቴም ማዶ ተሻገረች፤ እናንተ መልሱልኝ፣ አፌንም በአምባዛ ዓሣ ወጥ አብሱልኝ።