ስም ያልወጣላት የታዳላ ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ዳንግላ ከተማ ዳር ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። የመጀመሪያው ልጃቸው ደርበው የወረዳው መዝጋቢ ነው፤ የሚወለደውን፣ የሚያገባውንና የሚሞተውን ሰው ሁሉ በመዝገብ የሚያሰፍር። ሁለተኛዋ ማንጠግቦሽ ልብስ ሰፊ ናት። የመጨረሻው ይበልጣል ንብ ያነባል።

ይህ ቤት አንድ ልማድ አለው። ልጅ ሲወለድ ስም የሚያወጡት አባትና እናት አይደሉም፤ ልጁ በሰላም ተወልዶ ለዚያ ቤት እንዲበቃ ከሁሉ በላይ የደከመ ሰው ነው። ደርበውን ደርበው ያሉት ጥሩወርቅን በምጥ ቀን በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያደረሱ ጎረቤት ናቸው። ማንጠግቦሽን የሰየመቻት ወንዝ ሞልቶ ሳለ ተሻግራ የመጣች አዋላጅ ናት። ልማዱ እስከዚያ ድረስ ማንንም አከራክሮ አያውቅም ነበር።

ታዲያ ይበልጣል ለሦስት ወር የንብ ማነብ ሥልጠና ማላዊ ሄደ። ከአሠልጣኞቹ አንዷ ታዳላ ትባላለች፤ ንብ እጇ ላይ ሲያርፍ የማትደነግጥ፣ ስትስቅ ዓይኖቿ የሚጠፉ ልጅ። ሥልጠናው አለቀ፤ የስልኩ ወሬ ግን አላልቅ አለ። በዓመቱ ታዳላ የሁለት ወር የጎብኚ ቪዛ ይዛ ልትጠይቀው መጣች። ዐቢይ ጾም ሊገባ የቀረው ሦስት ቀን ነበር።

ይበልጣል ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም። «እማዬ፣ ጾሙ ሳይገባ እንጋባ» አለ።

«በሦስት ቀን ምን ተጠምቆ? ምን ተደግሶ?» አሉ ጥሩወርቅ። «በጾም ደግሞ ከእኔ ቤት ሰርግ አይወጣም። ፋሲካ ይለፍና በዳግም ትንሣኤ እድራችኋለሁ።»

«ቪዛዋ እስከዚያ ይቆያል?»

ይህን የሚያውቀው ደርበው ነው፤ የቤቱ ወረቀት ሁሉ በእሱ እጅ ነው። ፓስፖርቱን ገልጦ አየ። ኤፕሪል 10 ይላል። «እስከ ሚያዝያ አስር ነው» አለና ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካሌንደር ሚያዝያ 10ን በቀይ እስክሪብቶ ከበባት። ዳግም ትንሣኤ ሚያዝያ 8 ነው። ሁለት ቀን ይተርፋል ማለት ነው። ሁሉም ደስ አላቸው።

የፈረንጁ ኤፕሪል 10 በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2 መሆኑን በየቀኑ ለባለጉዳይ ሲያስረዳ የሚውለው ራሱ ደርበው ነበር። «ስምንቷን ቀን እንዳትረሱ» ይላል ለሰው ሁሉ። በወንድሙ ጉዳይ ላይ ስምንቷን ቀን ራሱ ረሳት።

ታዳላ ጾሙን ከቤተሰቡ ጋር ጾመች። አምሳ አምስት ቀን ሽሮና ጎመን በላች። ጥሩወርቅን በአገሯ ቋንቋ «አማይ» ትላቸዋለች፤ እናቴ ማለት ነው፤ እሳቸውም ሳያስተረጉሙ አቤት ይላሉ። ማንጠግቦሽ ግን ለወንድሟ ጓደኛዋን አስባለት ስለነበር ታዳላን ከሰላምታ በቀር አላናገረቻትም። የሙሽራ ቀሚሷን ግን ልኬት ወስዳ ሰፋችላት።

ፋሲካ አለፈ። ሰርጉ ሆነ፤ ሽማግሌዎች ውሉን ፈረሙ፤ የንስሐ አባት ባረኩ። ሚያዝያ 10 ጠዋት ሙሽሮቹ ቪዛውን ሊያራዝሙ የኢሚግሬሽን ጽሕፈት ቤት ሄዱ፤ ደርበውም አብሯቸው።

የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ፓስፖርቱን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ታዳላን አየች። የእጇ ሂና ገና አልለቀቀም።

«ይሄ ካለቀ እኮ ስምንት ቀኑ ነው» አለች።

ደርበው ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። አስቀምጣ አስረዳቻቸው። ጋብቻው ቪዛው ሳያልቅ የተመዘገበ ቢሆን ኖሮ ወረቀቷን እዚሁ ወደ መኖሪያ ፈቃድ ማዞር ይቻል ነበር። አሁን የቀራቸው መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው፣ እዚሁ ሆኖ ማመልከት፤ ካልተፈቀደ ግን በስሟ ላይ መጥፎ ማስታወሻ ሰፍሮ ትወጣለች። ሁለተኛው፣ በወሩ ውስጥ በሰላም ወጥቶ ከአገሯ በባሏ በኩል ማመልከት፤ ይህ ወራት ይወስዳል። ሦስተኛው፣ ባልየው ተከትሏት መሄድና እዚያው መኖር።

ቤት ተመልሰው ተቀመጡ። ሦስተኛውን ማንም አላነሳውም፤ የጥሩወርቅ ጉልበት ከታመመ ቆይቷል፣ ሠላሳ የንብ ቀፎም ተሸክሞ አይኬድም። ይበልጣል ፊቱን ወደ ታላቅ ወንድሙ አዞረ።

«ጋሼ፣ ማኅተሙ ያንተ መሳቢያ ውስጥ ነው» አለ። «የካቲት አምስት ተጋቡ ብለህ ብትጽፍስ? ቅበላ ነበር፤ ማን ይጠረጥራል?»

ታዳላ ደርበውን ቀደመችው። «በበር ነው የገባሁት» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «በበር እወጣለሁ። በበር ደግሞ እመጣለሁ።»

በሚያዝያ መጨረሻ ሄደች። ይበልጣል ከሸኛት በኋላ ሦስት ቀን ቀፎዎቹ ጋ አልወረደም። ሚስቱ ትናፍቀው ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም።

ሐምሌ ላይ የማንጠግቦሽ ስልክ ጮኸ። ታዳላ ናት። ለባሏ ሳይሆን ለእሷ ደወለች።

«ቀሚሱ ጠበበኝ» አለቻት።

«እኔ ልኬት ተሳስቼ አላውቅም!» ብላ ማንጠግቦሽ ልትቆጣ ጀመረች፤ መሃል ላይ ገባትና መቀሷን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ባወሩት ልክ ባልና ሚስቱም አላወሩም ይባላል።

አሁን ነገሩ ሌላ ሆነ። ልጁ የሚወለደው ጥር ላይ ነው። ሆዷ ሳይገፋ፣ አውሮፕላን መሳፈር ሳትከለከል፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቪዛው ካልተገኘ አባት የልጁን ፊት በስልክ ያያል። መቼ ደግሞ በአካል እንደሚያየው አይታወቅም።

ደርበው ተነሣ። ይበልጣል ያለውን ውሸት ሊጽፍ ይችል ነበር፤ መዝገቡም ማኅተሙም በእጁ ነው። እሱ ግን ካሌንደሩን ከግድግዳው አወረደ፤ በቀይ የተከበበችውን ቅጠል ገነጠለ፤ ከሥሯ አንድ ገጽ ጻፈ። «ሚስትየዋ ቀኑን ያሳለፈችው አስባበት አይደለም። እኔ የወረዳው መዝጋቢ ነኝ፤ ቀኑን ያሳሳትኳት እኔ ነኝ» ብሎ ፈረመበት። ወረቀቱ ከታዳላ የቪዛ ማመልከቻ ፋይል ጋር ተያያዘ፤ ቀኑ በማለፉ ፋይሉ ላይ ሰፍሮ ማመልከቻውን ያገደው «ሆን ብላ የቆየች» የሚለው ቃልም ተሠረዘላት። የደርበው አለቃ ይህን ሲሰሙ ግን ቀን የማይለይ መዝጋቢ አልፈልግም አሉ። ከመዝገቡ አንሥተው መጋዘን ጠባቂ አደረጉት። በገበያ ሲያልፍ «ደርበው፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» የሚለው ቀልደኛ አሁንም አልጠፋም። ደርበው ይመልስለታል፤ በእኛም በፈረንጁም።

ማንጠግቦሽም ተነሣች። ማላዊ ያለው ኤምባሲያችን ባልና ሚስት አብረው ቀርበው ይጠየቁ አለ፤ ይበልጣል ማላዊ መሄድ አለበት። የተባለው ጊዜ ደግሞ ማር የሚቆረጥበት ኅዳር ነው። ማሩ ሳይቆረጥ ጊዜው ካለፈ ንቡም ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። ማንጠግቦሽ በሰባት ዓመቷ ንብ ከነደፋት ወዲህ ድምፁን ሰምታ የምትሸሽ ሴት ናት፤ ኅዳር ደግሞ ለጥር ሙሽሮች ቀሚስ የምትሰፋበት ወሯ ነው።

«ሂድ» አለችው ይበልጣልን። «ቀፎው ለእኔ።»

«እትዬ፣ አንቺ? ዝንብ እንኳ ስታይ…»

«ሂድ አልኩህ!»

ሱቋን ዘጋች። ከሰርጉ ድንኳን በተረፈ ጨርቅ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ልብስ ለራሷ ሰፋች፤ ሰፈሩ ሳቀባት። ታዳላ በስልክ «ጭሱን ቀስ በይ፣ አትሩጪ» እያለች አስተማረቻት። በመጀመሪያው ቀፎ ሮጠች፤ ንቦቹም ደረሱባት፤ ሁለት ቀን ዓይኗ አልተገለጠም። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ሠላሳውንም ቆረጠች። የዚያ ዓመት ሙሽሮች ግን ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ፤ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ።

ጥሩወርቅም ተነሡ። ባልና ሚስቱ ኤምባሲው ውስጥ ቢጠየቁም ፋይሉ አዲስ አበባ ሲደርስ ቆመ። ሰርጉ የተደረገው ቪዛው ካለቀ በኋላ ነው፤ ትዳሩ ለወረቀት ብቻ እንዳይሆን የቤተሰቡ ታላቅ በአካል ቀርቦ ያስረዳ ተባለ። ጥሩወርቅ ባላቸው የተሳፈሩበት መኪና ተገልብጦ ከሞቱ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት መኪና ላይ ወጥተው አያውቁም። ለለቅሶ እንኳ በእግራቸው ነው የሚሄዱት።

ጠዋት አውቶቡስ ተራ ደረሱ። «ደርበው፣ እጄን ያዘኝ፤ ብጮህም እንዳታስወርደኝ» አሉ። ዓባይ በረሃን ነጠላቸውን በዓይናቸው ላይ አድርገው፣ የባላቸውን ስም እየጠሩ ወረዱ፤ እየጠሩ ወጡ።

መርማሪው ወጣት ነው። ወንበር ሰጥቷቸው በትሕትና ጠየቃቸው። «እናቴ፣ ለወረቀት ብላ አግብታው ቢሆንስ? በምን ያውቃሉ?»

«ልጄ፣ በጾም አልድርም ብዬ ሁለት ወር ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ሳትጾም ያደገች ልጅ አምሳ አምስት ቀን ሽሮ በላችልኝ። አንድ ቀን እንኳ እህ አላለችም። ለወረቀት የመጣች ብትሆን ይሄን ሁሉ ሽሮ ምን አስበላት?»

መርማሪው ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ትቶ ጻፈ። በሳምንቱ ተፈቀደ። የኅዳር ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ታዳላ ከባሏ ጋር በበር ገባች፤ ሆዷ ቀድሟት።

ጥር 21፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት ሴት ልጅ ተወለደች። ስትስቅ ዓይኖቿ እንደሚጠፉ ገና ባይታወቅም አባቷ ከአሁኑ ይምላል። የክርስትና ስም ቄሱ ያወጣሉ። የቤቱን ስም ግን እንደ ልማዱ የደከመ ሰው ነው የሚያወጣው፤ ችግሩ እዚህ ላይ መጣ።

ደርበው «ምሕረት» ትባል አለ። ያን ወረቀት ባይፈርም ፋይሉ ያኔውኑ ተዘግቶ ነበር፤ እህቱም እናቱም የሚደክሙበት ነገር አይኖርም ነበር። እውነት ነው። ግን ስምንቷን ቀን ባይረሳት ማንም አይደክምም ነበር የሚሉም አሉ፤ የሰበረውን ነው የጠገነው።

ማንጠግቦሽ «ወለላ» ትባል አለች። እሷ ምንም አላበላሸችም፤ በሌላ ሰው ስሕተት ነው ሱቋን የዘጋችው፣ ዓይኗም ያበጠው። እውነት ነው። ግን ማሩ ቢቀር ማሩ ይቀራል እንጂ ይበልጣል ሚስቱ ጋ ከመሄድ ይቀር ነበር ወይ? የሚል ጎረቤት አልታጣም።

ጥሩወርቅ «ትዕግሥት» ትባል አሉ። የመጨረሻውን በር ያስከፈተው የሳቸው ቃል ነው፤ ለዚያች ቃልም የአሥራ አራት ዓመት ፍርሃታቸውን ተሳፍረውበታል። ይህም እውነት ነው። ግን መጀመሪያውኑ ሰርጉን ያዘገዩት እሳቸው ናቸው፤ የሳቸውም ድካም የአንድ መንገድ ድካም ነው።

ስሙ ለእናቲቱ ይገባታል የምትሉ ካላችሁ እኔም ልቤ ወደዚያው ነው፤ ታዳላ ራሷ ግን አልተቀበለችም። «ልማዱ ልማድ ነው» አለች። «ሦስታችሁም ደክማችሁልኛል። እኔ ከሦስት እናት አንዷን አልመርጥም።» ደርበውን እናት ማለቷ ማንንም አላሳቀም፤ እሱ ራሱ አለቀሰ።

ልጅቱ ሰማንያ ቀኗ የሞላው ሚያዝያ 10 ነው፤ ባለፈው ዓመት በቀይ የተከበበችው ቀን። ከክርስትናው መልስ ቤተሰቡ በሙሉ መዝገብ ቤት ሄዱ፤ ልደት በዘጠና ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበትና። በደርበው ወንበር የተተካችው ልጅ መዝገቡን ገለጠች። ቀኑን ጻፈች፤ ደርበው አንገቱን አስግጎ አየላትና ልክ ነው አለ። የአባትን ስም ጻፈች፤ የእናትን ስም ጻፈች። የልጅ ስም የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አንሥታ ጠበቀች።

ሦስቱ ተያዩ። ልጅቱ በአያቷ ጉያ፣ በአክስቷ በተሰፋ ቀሚስ፣ የአጎቷን ጣት ጨብጣ ተኝታለች።

መዝጋቢዋ አሁንም ብዕሯን እንደያዘች ናት። እስኪ እናንተ ፍረዱ፤ ለዚህች ልጅ ስም ማውጣት የሚገባው ለማን ነው?