የጉሽ ሜዳ ጋን

ከእንዶዴ ተራራ ቁልቁል ሲወርዱ በሁለት መንደሮች መካከል የተዘረጋችውን ጠፍ መሬት ያገሬው ሰው ጉሽ ሜዳ ይላታል። ጉሽ ማለት መቼም ያልጠለለ፣ አተላው ያልረጋ ጠላ ነው። ሜዳ እንዴት በጠላ ስም ይጠራል ቢሉ፣ ሽማግሎች የሚሉት እንዲህ ነው።

በቀድሞ ዘመን ማንጠግቦሽ የምትባል ጠላ ጠማቂ ነበረች ይባላል። የእሷ ጠላ ሲቀዳ የዋንጫው ግርጌ ቁልጭ ብሎ ይታይ ስለነበር፣ መድኃኒት ታደርግበታለች እያለ የሚያማት አልጠፋም። መድኃኒት አልነበረም። ጋኑን በወይራ ጭስ አጥና፣ ጌሾውንና ብቅሉን በልኩ አድርጋ ከደፈደፈች፣ ውሃውንም ከሞላች በኋላ አፉን በጭቃ መርጋ ትተወዋለች፤ ማንም አይነካውም፣ አጠገቡ እንኳ ሙቀጫ አይወቀጥም። አተላው በራሱ ጊዜ ወደ ታች ይሰክናል፣ ጠላው ከላይ ይጠራል። ምስጢሩ ይኸው ነው፤ መተው።

የዚች ሴት የበኩር ልጅ በወሰን ጠብ የማዶው መንደር ሰው በሆነው በአድማሱ ወንድም እጅ ሞተ። የቀራት ልጅ ይመር ብቻ ነበር፤ እሱም ደም ሊመልስ ጦሩን መሳል ጀመረ። ሽማግሎች ገብተው ሁለቱ ወገን ከአንድ ዋንጫ ጠጥቶ እንዲታረቅ ቆረጡ፤ ጠላውን ማንጠግቦሽ ጠመቀች። እንደዚያ ተጨንቃ ጠምቃ አታውቅም ይላሉ፤ የምትጠምቀው ለይመር ነፍስ ነበርና። ነገር ግን የገዳይ ወገን የሟችን ቤት አይረግጥምና እርቁ ሜዳው ላይ ይሁን ተባለ፤ በቀጠሮው ጠዋትም አራት ጎረምሶች ጋኑን ሊሸከሙ መጡ።

«አባቶቼ፣ ከተናወጠ ጋን ጥሩ ጠላ አይቀዳም። እዚያ ካረፈ በኋላ ሁለት ቀን ስጡኝ» አለች።

«ሰው ሰብስበን ጠላ እስኪሰክን ብለን እንበትን?» አሉ የሽማግሎቹ አለቃ አያ ድንበሩ። «ሴትዮ፣ እርቅ ነው እኮ፣ ሠርግ አይደለም! ቢደፈርስስ፣ ያው ጠላ ነው።»

ጋኑ በድንጋያማው ቁልቁለት እየተንገጫገጨ ወረደ። ሜዳው ላይ ማንጠግቦሽ በመዳፏ ቀምሳ ዋንጫውን ስለ ወንድሙ ለቆመው ለአድማሱ ሰጠችው፤ እሱም ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጎ አየው።

«እማማ፣ የእርስዎ ጠላ መች እንዲህ ነበር? ግርጌው አይታየኝም።»

«አተላ ነው ልጄ፣ መንገድ ናጠው። ቀምሼልህ የለ?»

«ልጅ የሞተባት እናትማ አብራ ብትሞትስ ምን ቸገራት?» ብሎ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠው።

«እናቴን መርዘኛ አልካት?» ብሎ ይመር ተነሳ። ተደርድሮ የነበረው ጦር ሁሉ ተነሳ። ሽማግሎቹ መሀል ሳይገቡ ይመር ወደቀ።

ማንጠግቦሽ አላለቀሰችም ይባላል። ዋንጫውን አንስታ እስከ አተላው ጨለጠችው፣ ከልጇም አጠገብ ተቀመጠች። አድማሱም ሽማግሎቹም ባሉበት ቆመው ጠበቁ። ፀሐይ ዘቀዘቀች፣ ጠለቀችም። ምንም አልሆነችም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የእርቅ ጠላ ከተጠመቀበት ቤት አይወጣም። ወደ ጋኑ የሚሄደው ታራቂው ነው፤ ገዳይ የሟችን ደጃፍ ተሻግሮ፣ ከሟች እናት ፊት ጎንበስ ብሎ ይገባል። ሲገባ ማየት ይከብዳል። ጋኑ ግን አይነሳም።