ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመው ሌንስ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ጅማ ውስጥ ነው። ሰርግ ያነሳል፣ ምርቃት ያነሳል፣ ልደት ያነሳል። ይህ ሰው አንድ ሌንስ ነበረው። ሌንስ ስላችሁ የካሜራው ዓይን ማለቴ ነው፤ ከፊት የሚገጠመው ባለ መስታወቱ። ሌሎቹን ሌንሶቹን ሸጦ የገዛው ነው። ከቅርብም ከሩቅም ይሠራል። ሙሽራ በዚያ ሌንስ ስትነሳ እናቷ እንኳ "ይህቺ የኔ ልጅ ናት?" ትላለች።

ስሙን መርዕድ እንበለው።

መርዕድ ኢዮስያስ የሚባል ታናሽ ወንድም አለው። ኢዮስያስም ፎቶ አንሺ ነው። ሙያውን ማን አስተማረው? መርዕድ። ሌንስ በጣት እንደማይነካ፣ በሸሚዝ ጫፍ እንደማይጠረግ፣ አቧራ ባለበት እንደማይፈታ ማን ነገረው? መርዕድ። ልጁ ተማረ፣ ጎበዘ፣ የራሱን ቤት ከፈተ። ሰውም "ኢዮስያስ ያንሳልን" ማለት ጀመረ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ኢዮስያስ ያለችው ከካሜራው ጋር አብራ የመጣች፣ ላስቲኳ የተላጠ አንዲት ሌንስ ናት። የቸገረው ሁሉ ይዋሳታል። ግን በዚያች ሌንስ አባትህን ቢያነሳልህ፣ ፎቶውን ይዘህ ታለቅሳለህ። መርዕድ በትልቁ ሌንስ ሲያነሳህ ደግሞ "ጥርት ብሏል" ትላለህ፣ አመስግነህ ትሄዳለህ። ልዩነቱ ገባችሁ? ለአንዱ "ጥርት ብሏል" ይሉታል፤ ለሌላው ያለቅሱለታል። መርዕድ ይህን ልዩነት ከማንም ቀድሞ አየው፤ ባለሙያ ነዋ!

ቅናት በምን እንደሚገባ ታውቃላችሁ? በጆሮ ነው የሚገባው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሚስቱ ወይንሸት "ኢዮስያስ የጎረቤታችንን ሽማግሌ ያነሳበትን ፎቶ አየኸው? ሰውየው ሊናገር እኮ ነው የሚመስለው!" አለችው። ምንም ክፋት የላትም። መርዕድ ግን ያነሳውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው።

"መብራቱ ረድቶት ነው" አለ።

መብራቱ! ወገኖቼ፣ የሰው ጸጋ ሲያመን ሁልጊዜ መብራቱን እናመሰግናለን። አትሳቁ፤ እናንተም ብላችሁታል። "ልጅቷ ጥሩ ዘመረች" ሲባል "ማይኩ ጥሩ ነበር" ያላችሁ እዚህ አላችሁ።

ሰኔ መጣ፣ ዝናቡም ጀመረ። ኢዮስያስ ወንድሙ ቤት መጥቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ የኮሌጁን ምርቃት ለኔ ሰጡኝ" አለ። "መድረኩ ሩቅ ነው፤ በኔ ሌንስ ሰው ጉንዳን ነው የሚያክለው። ያንተን ለአንድ ቀን ብታውሰኝ? እንደ ዓይኔ ነው የምይዘው።"

ያንን ምርቃት በየዓመቱ የሚያነሳው መርዕድ ነበር። ዘንድሮ አልጠሩትም። ለምን እንዳልጠሩት አሁን ገባው። ግን "ቀንቻለሁና አልሰጥህም" የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቅናት በገዛ ስሟ አትወጣም፤ የሌላ ሰው ልብስ ተውሳ ነው የምትወጣው።

"ውይ ኢዮስያስ! ምነው ትናንት በመጣህ!" አለ መርዕድ። "ፎከስ አልይዝ ብሎኝ ለጥገና አዲስ አበባ ላክሁት እኮ።"

ኢዮስያስ ደነገጠ። "አይዞህ ጋሼ፣ ይሠራል። አንተን ያለሱ ማሰብም ይከብዳል" ብሎ፣ ለወንድሙ እያዘነለት ወጣ። ሌንሱ የት ነበር? ኢዮስያስ የተቀመጠበት ሶፋ ሥር፣ ቦርሳው ውስጥ።

ውሸት ግን ተናግረውት የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ጠባቂ ይፈልጋል። አዲስ አበባ የሄደ ሌንስ ጅማ መንገድ ላይ ሊታይ አይችልም። ስለዚህ መርዕድ ምን አደረገ? በፎጣ ጠቀለለው። ፎጣውን ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ከተተው። ቦርሳውን ቁም ሳጥኑ ሥር፣ ከብርድ ልብሱ ጀርባ አስገባና ቆለፈበት። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሥራ ሲመጣ "ሌንሴ ጥገና ላይ ነው" እያለ ሰውን መለሰ። እስቲ እዩት! ወንድሙ እንዳይጠቀምበት ብሎ ራሱም ሳይጠቀምበት ክረምቱን በሙሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ኢዮስያስስ? ምርቃቱን በዚያችው በተላጠችው አነሳው። ሌንሷ ሩቁን ስለማታመጣለት እሱ ቀረበ። መድረኩ ሥር ተንበርክኮ፣ ልጆቹ ዲፕሎማቸውን ሲቀበሉ ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አነሳቸው። ከተማው ስለዚያ ፎቶ አወራ። መርዕድ ሰማ። "ያለ ሌንስ እንዴት?" አለ። አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያውን የሚመታውን ዝናብ እያዳመጠ፣ የወንድሙን ሥራ እንከን ሲፈልግ ክረምቱ አለቀ።

ጥቅምት ላይ የመርዕድ የበኩር ልጅ፣ ሶስና፣ ልትዳር ሆነ።

"ኢዮስያስ ያንሳት" አለች ወይንሸት።

"የኔን ልጅ እኔ አነሳታለሁ።"

"ሙሽሮቹ ጉልበትህን ሲስሙስ? ያኔ አንተ እኔ አጠገብ መቀመጥ የለብህም? ማን ያነሳናል?"

"ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አቆመውና ከተቀመጥሁበት በሪሞት አነሳለሁ።"

ወይንሸት ወደ እሱ ዞረች። "አንተ ሰው፣ ልጅህ ጉልበትህ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አንተ ሪሞት ልትጫን ነው?"

"ልጫን ነው" አላት።

ወገኖቼ፣ ቅናት እዚህ ድረስ ታደርሳለች። በአንድ እጅ የልጅህን ራስ፣ በሌላው ሪሞት!

የሰርጉ ጠዋት ደረሰ። ባለሙያ ከሥራ በፊት ዕቃውን ይፈትሻል፤ መርዕድ ያውቀዋል፣ ወንድሙንም ያስተማረው ይህንኑ ነው። ታዲያ ለምን ቀድሞ አልፈተሸም? ቁም ሳጥኑን ቢከፍት ውሸቱ ፊት ለፊት ያየዋላ! ስለዚህ እስከዚያ ጠዋት ድረስ አልከፈተውም። ያን ቀን ግን ከፈተ፣ ሌንሱን ገጠመ፣ ሶስናን በቬሎዋ መስኮት አጠገብ አቆማትና አነሳት። ፎቶውን አየ። ወተት የተደፋበት ይመስላል። የልጅቷ ዓይን የለም፣ አፍንጫ የለም፣ ጭጋግ ብቻ።

የሌንሱን ፊት በጨርቅ ጠረገ። ያው ነው። ከኋላ ጠረገው። ያው ነው። ካሜራውን ጠረጠረና ሴቲንጉን ሁሉ ነካካ። ከዚያ ሜሞሪ ካርዱን ጠረጠረና ቀየረው። መስኮቱን እንኳ ጠረጠረ፤ መጋረጃውን ሳበ። ያው ነው! መጨረሻ ላይ ሌንሱን ነቅሎ ወደ ብርሃን አነሳውና በውስጡ አሻግሮ አየ። በመስታወቶቹ መካከል፣ ጨርቅ በማይደርስበት ቦታ፣ ነጭ ክር እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል።

ሻጋታ ነው። ጥገና የሚሠሩ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ሌንስን ሻጋታ የሚበላው ጨለማና እርጥበት አግኝቶ ሲዘጋበት ነው። አዲስ ጫማ ስትገዙ ሳጥኑ ውስጥ "አትብሉ" ተብሎ የተጻፈባት ትንሽ ከረጢት ታገኙ የለም? እሷ እርጥበት ትመጥጣለች፤ ሌንስ ማስቀመጥ የግድ ከሆነ ከሷ ጋር ነው። ፎጣና ቆዳ ግን የጅማን ክረምት ጠጥተው መልሰው ለመስታወቱ ያጠጡታል። የኢዮስያስ ሌንስ ለምን አልሻገተችም? ቤት የምትውልበት ቀን የላትም። ዛሬ እሱ፣ ነገ የተዋሳት ሰው ያወጣታል፤ ፀሐይ ያገኛታል፣ ነፋስ ያገኛታል። ላስቲኳ ተልጧል፣ መስታወቷ ግን ንጹሕ ነው።

"አባዬ፣ ምን ሆንክ?" አለች ሶስና።

"ምንም።"

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሚዜዎቹ ደርሰዋል፤ ሴቶቹ እንደ ወጉ በሩን ይዘው ይከራከሯቸዋል። ኢዮስያስ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ካሜራውን ይዞ መጥቷል፤ ወንድሙን ቅር እንዳይለው ብሎ ግን ከቦርሳው አላወጣውም።

መርዕድ በዚያች ሰዓት ያሰበውን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። "ያለ ፎቶ ብትዳርስ?" ብሎ አሰበ። "ሰው ያለ ፎቶ ይዳር የለም?" ሰማችሁ? "ወንድሜ፣ እርዳኝ" ከማለት የልጁ ሰርግ ያለ ፎቶ ቢቀር ቀለለው! ከሙሽራው ጋር አብራ ወደ ሌላ ቤት የምትሄደውን የበኩር ልጁን ለቅናቱ ሊገብራት ነበር። ከዚያ ዞር ሲል ሶስና ፊቱን እያየች ቆማለች። እግሩ ራሱ ወደ ግቢው አወጣው።

"ኢዮስያስ፣ ሌንሱ ተበላሽቷል።"

"ከአዲስ አበባ እንዲህ አድርገው ነው የላኩልህ?" አለ ኢዮስያስ ተናድዶ። "ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!"

መርዕድ እዚህ ላይ ማምለጫ ነበረው። "አዎ፣ ሌቦች!" ማለት ይችል ነበር።

"አልሄደም" አለ። "ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የከረመው።"

"እንዴት? ያኔ ስጠይቅህ..."

"ያኔ የተቀመጥህበት ሶፋ ሥር ነበር። ቀናሁብህ ኢዮስያስ። ያስተማርሁህ እኔ ነኝ፤ በለጥኸኝ፤ ቀናሁ።"

ኢዮስያስ እንዳቀፈው እንዳትጠብቁ። አላቀፈውም። ፊቱ ጠቆረ። "ጋሼ፣ ስላንተ ሌንስ ጸልዬ ነበር እኮ" አለ። ይህ ቃል ከዱላ የባሰ ነበር። ከዚያ ቦርሳውን ከፈተ፣ ካሜራውን አወጣና ዘረጋለት። "እንካ። ልጅቷ ትጠብቃለች። ስለኛ በኋላ እንነጋገራለን።"

መርዕድ እጁን አልዘረጋም። "አንተ አንሳት" አለ። "እኔ አባቷ ልሁን።"

ፎቶው ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ አይቼዋለሁ። ሶስና አባቷ ጉልበት ላይ ተደፍታለች፣ ቬሎዋ ወለሉ ላይ ፈሷል፤ ሁለቱም እጆቹ ራሷ ላይ ናቸው። እያለቀሰ ነው፤ አፉ ተጣሟል፣ አያምርም። ሰውን ሁሉ ሲያነሳ የኖረው ሰው ስለ ፎቶው ብጠይቀው "ጥርት ብሏል" አላለኝም። መሐረቡን ነው ያወጣው።

ወንድማማቾቹ ለመነጋገር ብዙ ሳምንት ፈጀባቸው። አንዳንዱ ንግግር ጩኸት ነበረበት። ሌንሱ በመጨረሻ የእውነት አዲስ አበባ ሄደ። ተፈትቶ ተጠረገ። ግን ሻጋታው መስታወቱን በልቶታል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣበት ዛሬም ትንሽ ጭጋግ ያሳያል። እግዚአብሔር ይቅር ይላል ወገኖቼ፤ ይህ ማለት ግን የተበላው አልተበላም ማለት አይደለም። ስለዚህ አትቆዩ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እናንተ ምን ቆልፋችኋል?

ዜማውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ አዲሷ ልጅ "አስጠኚኝ" ስትልሽ "ድምፄ ታሟል" ያልሻት ለምንድን ነው? አንተ ደግሞ ሥራ እንዳለ እያወቅህ የጎረቤትህን ልጅ "ቦታው ሞልቷል" ብለህ መለስኸው። ሞልቶ ነበር? በስሙ ሲመሰገን ፈገግታችሁ ጥርስ ላይ የሚቀርበት ያ ሰው ማን ነው? አሁን ስጠይቃችሁ ስሙ መጣላችሁ አይደል? ከመቅጽበት ነው የመጣው! እኔም መጥቶልኛል።

ትጠርጋላችሁ። አውቃለሁ፣ ከፊት ከፊት ትጠርጋላችሁ። ትጾማላችሁ፣ ትዘምራላችሁ፣ እኔ ስሰብክ "አሜን" ትላላችሁ። ጭጋጉ አልሄድ ሲላችሁ መሪዎቹን ጠረጠራችሁ፣ ዘመኑን ጠረጠራችሁ፣ የትዳር ጓደኛችሁን ጠረጠራችሁ። በጨርቅ የማይደረስበት ቦታ ነው እኮ ያለው! ለወንድምህ የከለከልኸውን ነገር ጠብቄዋለሁ ብለህ ታስባለህ፤ እሱ ግን አንተን እየበላህ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ረጅም ጸሎት አላስጸልያችሁም። ያ ሰው ምናልባት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ሦስት ወንበር ከፊታችሁ ተቀምጧል፤ የጀርባውን ልብስ ታውቁታላችሁ። "እወድሃለሁ" በማለት አትጀምሩ፤ እሱን ማለት ቀላል ነው። "ቀናሁብህ" በሉት። ቢቆጣ ይቆጣ። እኔ ቃሌን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ እናንተ ከበሩ ሳይወጣ ድረሱበት።