አንድ አንገት ለአንድ ድንጋይ

በአንድ ወቅት፣ ሽንኩርትም በሽታም በአንድ አህያ በሚመጣበት አገር፣ ሜዳ ገበያ በምትባል ከተማ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ትልቁ ስንሻው የገበያው ኃላፊ ነው፤ እሱ እሺ ካላለ ሚዛን አይሰቀልም። መካከለኛዋ ትብለጥ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ በሽታ ከየት ተነስቶ የት ሊደርስ እንደሚችል በኮምፒውተር ታሰላለች። ትንሹ አጉማስ ሞንታርቦ ተሸክሞ አዋጅ ይናገራል። ድምፁ ትልቅ ነው፤ ሌላ ሀብቱን አትጠይቁኝ።

ክረምት ገባና ከወንዝ ማዶ ኮሌራ ተነሳ። ትብለጥ ነጋዴው ማክሰኞ የት እንደሚውል፣ ሐሙስ የት እንደሚያድር፣ በየገበያው ስንት ሰው እንደታመመ አንድ በአንድ ጠይቃ አሰላችና ወንድሞቿን ጠራች።

«ቅዳሜ ገበያው እንደወትሮው ከዋለ፣ ሰዉም የወንዙን ውሃ ሳያፈላ ከጠጣ፣ እስከ ሦስት መቶ ሰው ይታመማል። ከተዘጋ ግን ሃያም ላይሞላ ይችላል።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ስንሻው።

«ጋሼ፣ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም። እንዲህ ከሆነ እንዲህ ሊሆን ይችላል ነው የምለው።»

«ጠንቋይማ ብትሆኚ ይሄኔ ገብስማ ዶሮ አስገዝተሽን ነበር» አለ አጉማስ። ሦስቱም ሳቁ። አብረው የሳቁት ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልሳቁም።

ስንሻው በዚያው ዕለት ገበያውን ዘጋ። ነጋዴው ሰደበው፣ የገዛ አማቱም ቲማቲሟ ሲበሰብስ ረገመችው፤ ንቅንቅ አላለም። ያሉትን ጥቂት ዘበኞች ሁሉ የሜዳው መንገድ ላይ አቆማቸው።

«የዳገቱን መንገድስ?» አለችው ትብለጥ።

«ነጋዴ በዳገት ይመጣል? በሜዳው ነው የሚመጣው ያልሽው ራስሽ አይደለሽ?»

እውነቱን ነው፤ ስሌቷ የሚለው እንደዚያ ነው። ወደ ጤና ጣቢያዋ ተመለሰች።

አጉማስ ደግሞ የአገሩን ሰው ያውቃል። ሜዳ ገበያ ላይ ዋጋ ሲጠሩለት ግማሹን ብቻ የሚሰማ ሕዝብ ነው። መቶ ስትለው «ሃምሳ ይሁንልህ» ይልሃል። ዓምና የጎርፉን ነገር ልክ እንደተነገረው ቢናገር «ቀንስ እንጂ!» ብለው ስቀውበት፣ ጎርፉ ሁለት ቤት ከነሰዉ ወሰደ። ስለዚህ ዘንድሮ እንደ ባለሱቅ አሰበ፤ ግማሹን ስለሚጥሉት አስቀድሞ ጨመረበት። ሞንታርቦውን አንስቶ፣ «ስድስት መቶ ሰው ያልቃል!» አለ። መታመሙን ማለቅ አደረገው፤ «ከሆነ»ዋን ዋጣት።

ያን ቀን ግን አንድም ሰው አልተከራከረም። በሞት ላይ ማን ዋጋ ያስቀንሳል?

ግማሹ ከተማ ልጁንና ማሰሮውን ተሸክሞ ሸሸ። በየት? በዳገቱ ነዋ፣ ዘበኛ በሌለበት። አናቱ ላይ አፋፍ የምትባል መንደር አለች። እዚያ የምትኖረው እትዬ አትጠገብ ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ናት፤ አጉማስን ባየችው ቁጥር «አንተ ጯሂ፣ ጉሮሮህ ይደርቃል» ብላ ቆሎ የምታስጨብጠው እሷ ነች። እንግዳ መመለስ አታውቅም፤ የሸሸውን ሁሉ ቤቷ አስገባች፣ በራሷ ጣሳ አጠጣች። ከእንግዶቹ አንዱ በሽታውን ይዞ ነበር የመጣው። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሜዳ ገበያ ላይ የታመመው ሃያም አልሞላ፤ የሞተም የለ። ሰዉ ተመልሶ፣ «የታለ ስድስት መቶው?» እያለ ትብለጥ ላይ ያፌዝ ጀመር። የአትጠገብ አንድያ ልጅ ይስማው ግን ኮሌራው ይዞት በቃሬዛ ወደ ትብለጥ ጤና ጣቢያ ሲወርድ፣ ጭቃው ላይ ሕይወቱ አለፈ።

በአፋፍ ወግ ጥፋተኛ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከሐዘንተኛ እግር ይወድቃል፤ ሐዘንተኛውም ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ከአትጠገብ ደጅ አንድ ድንጋይ አስቀምጠው ጠበቁ። ሦስቱም መጡ።

«የኔ ነው» አለች ትብለጥ። «የነጋዴውን መንገድ ቆጠርኩ፤ የፈሪውን መንገድ አልቆጠርኩም።»

«የኔ ነው» አለ ስንሻው። «ዳገቱን አስታውሳኝ ነበር፤ በራሷ ቃል አፏን ዘጋሁባት።»

አጉማስ የአትጠገብን ፊት ማየት አቅቶት እግሯን አየ፤ ጫማዋ ላይ የዚያን ቀን ጭቃ አልለቀቀም። ቆሎዋ ትዝ አለውና መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«የኔ...» አለ በመጨረሻ፤ ያን ከተማ የሚቀሰቅስ ድምፅ አጠገቡ የቆመው እንኳ በደንብ አልሰማውም።

ልቅሶ ሊደርሱ ከከተማ የወጡ አንዲት እናት ግን አላስችል አላቸው። «ኧረ ምን በወጣቸው! እነሱ ባይኖሩ እኔም ልጆቼም አፈር ነበርን። መሸለም ነው ያለባቸው!»

«ሸልሟቸው፤ የናንተ ልጆች ቤታችሁ ናቸው» አለች አትጠገብ።

ሦስቱ ድንጋዩን በአንድነት ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ በእጇ ከለከለች።

«ተዉ። እኔ አንድ ልጅ ነው የቀበርኩት። ለሦስት የተካፈሉት ጥፋት እንደ ጉርሻ ነው፤ ለማንም አይከብድም። አንዱን ለዩልኝ፤ እሱን ይቅር ልበለው። እስከዚያ ድረስ ከከተማ የሚመጣ ስሌትም ትእዛዝም ጩኸትም ደጄን አይርገጥ።»

አፋፍም በሙሉ ከሷ ጋር አበረ። ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ፤ እስከ አሁንም እየተከራከሩ ነው።

እነሆ የሌላ ክረምት ደመና አንዣብቧል። ከወንዝ ማዶ ደግሞ ሰው ታሟል አሉ። ትብለጥ አዲስ አስልታለች፤ ዘንድሮ ፍርሃትንም ቆጥራለች። ስንሻው ለዳገቱ ዘበኛ መድቧል። አጉማስ ልኩን ብቻ ሊናገር ምሏል፤ ሞንታርቦውን ይዞ ዳገቱ እግር ሥር ቆሟል። ግን ያ ድንጋይ ካልተነሳ ማን ይሰማዋል?

እንግዲህ ፍረዱ፤ ስትፈርዱ ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ አጉማስ አንገቱን እንደደፋ ነው። ድንጋዩ የሚገባው ላልቆጠረችው ነው፣ ላልጠበቀው ነው፣ ወይስ ለጨመረው?