አህያ የገለጠችው ገጽ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ለሁለት ዓመት ባልዘነበበት ቆላ፣ አራዊት ሁሉ በአንበሳ ደጅ ተሰበሰቡ። የተሰበሰቡት መጽሐፍ ሊያነቡ ነበር። መጽሐፉ የፈጠራ ወሬ አልነበረም፤ በአያቶቻቸው ዘመን የነበረውን ድርቅ በዓይኗ ያየችው ኤሊ፣ ያየችውን ብቻ የጻፈችበት ብራና ነው። ኤሊ ሞታለች፤ ድርቁ ግን ተመልሶ መጥቷል። አንበሳም ጽሑፏ ምን እንደሚመክር ማወቅ ፈለገ።

እመት አህያ ከኋላ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ኤሊ በሕይወት ሳለች አህያ ብራናውን በጀርባዋ ተሸክማ ታዞርላት ስለነበር፣ ፊደል ከኤሊ ተምራለች። ግን የምታነበው ቀስ ብላ ነው፤ ስለዚህ አንብቢ ያላት አልነበረም።

መጀመሪያ የተነሣው አያ ጅቦ ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አህያ መበላት አለባት የሚል መሆኑን በአጭሩ አስረዳ። አንበሳ የት ላይ እንደሚል ጠየቀው። ጅብ ሰፊ መዳፉን አነሣና ገጹን በሙሉ ሸፈነው።

«ሁሉም ላይ አለ፣ ጌታዬ» አለ።

አንበሳ ተቀመጥ አለው። ቀጥላ ቀበሮ ተነሣች። እሷ እንኳ ማስረጃ ይዛለች። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ራስን ለሌላው አሳልፎ መስጠት ነው ብላ፣ ጥፍሯን ከገጹ የመጨረሻ መስመር ላይ አሳርፋ ጥርት ባለ ድምፅ አነበበች፦ «ውሃ በጠፋ ጊዜ አህያ ስለ ሁላችን ብላ ወደ ገደሉ ወረደች።»

ከዚያ ሁሉም ዞረው እመት አህያን አዩአት።

ቀበሮ ውሸት ብታነብ ኖሮ አህያ ውሸት ነው ትል ነበር፤ ቃሉ ግን እውነትም ተጽፏል። የከነከናት ሌላ ነው፤ ኤሊ ነገር ጀምራ መንገድ ላይ የምትተው አልነበረችም።

«ጌታዬ፣ ገጹ አለቀ እንጂ ነገሩ አላለቀም» አለች። «ልግለጠው?»

ቀበሮ መልእክቱ ለሁሉም ስለገባ ጊዜ ማባከን እንደማያስፈልግ ተናገረች። ጅብም በደንብ እንደገባው መሰከረ። አንበሳ ግን ትግለጠው አለ።

አህያ ገጹን በከንፈሯ ገለጠች። ፊደል በፊደል እየለቀመች አነበበች፦ «እዚያም የደረቀውን ወንዝ አሸዋ በኮቴዋ ቆፍራ ውሃ አወጣችልን። በዚያ ዓመት በጥም የሞተ የለም።»

አንበሳ ሁለቱንም ገጾች አስደግሞ ሰማ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ገደሉ መራቸው። እመት አህያ እስከ ጉልበቷ ድረስ ቆፈረች፤ አሸዋው ደረቅ ነበር። ጅብ ይህን ሲያይ ትንሽ ጠጋ አላት። እስከ ደረቷ ስትደርስ አሸዋው ጠቆረ፤ ቀስ እያለም ውሃ አቀረረ። ሁሉም ጠጡ። ቀበሮም ጠጣች፤ ጠጥታ እስክትጨርስ ግን ማንንም ቀና ብላ አላየችም።

ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ እንዲህ ይላል የሚል ሁሉ መስመሩን በጥፍሩ እንዲያሳይ፣ የሚቀጥለውንም እንዲያነብ አንበሳ ደነገገ። ጅብም ፊደል እንዲቆጥር ታዘዘ። «ሀ» ብሎ ጀመረ፤ ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ አልዘለቀውም። ከሩቅ «ሁ... ሁ...» ሲል የምትሰሙት ለዚህ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ጽሑፉ እንዲህ ይላል የሚል ሲያጋጥመን መስመሩን አሳየኝ ማለት ብቻ ሳይሆን ከመስመሩ በፊትና በኋላ ያለውንም ራሳችን አንብበን መፍረድ እንደሚገባን ነው።