አርባ ስምንት ድንጋይ

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነበረ፤ ወፍራምም ነበረ። አትሳቂ፣ የጠየቅሽኝን እየመለስኩልሽ ነው። «አባ፣ በሳምንት ስንት ኪሎ ብቀንስ ነው ደግ?» ብለሽ የለ? ባለፈው እሑድ በቅዳሴው መካከል ተዝለፍልፈሽ ስትወድቂ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በሎሚ ውሃ ብቻ እንደቆየሽ የሰማሁት ከእናትሽ ነው። አንቺማ መች ነገርሽኝ። ስለዚህ ቁጥሩን ከመንገሬ በፊት የሰውዬውን ነገር ስሚ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልልሽ አይደለም። እሱን ሕፃንም ያውቀዋል፤ አውቆም አይሠራበትም።

ሰውዬው የሚኖረው አምባ ላይ ነበር። ዙሪያው ገደል ነው፤ ከላይ ግን እርሻም ምንጭም ያለው ሜዳ። ቤተ ክርስቲያኑ ከታች ነው። መውጫና መውረጃው አንድ ብቻ ነበር፤ ከበሬ ቆዳ የተገመደ፣ ገደሉ አፍ ላይ ካለ የወይራ ግንድ የታሰረ ጠፍር። ሰው እጁን ጠፍሩ ላይ፣ እግሩን አለቱ ላይ አድርጎ ይወርዳል፤ እንደዚያው አድርጎ ይወጣል። ቁልቁለቱ አሥራ አምስት ሰው አንዱ ባንዱ ላይ ቢቆም ነው። ዕቃ ግን ወገቡን ታስሮ ይወርዳል። ሬሳም ለቀብር ሲሄድ እንደ ዕቃው ታስሮ ነው የሚወርደው። በሕይወት ያለ ሰው በገዛ እጁ ይወርዳል፤ የአገሩ ልማድ ነው።

ጠፍሩን የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ነበር። ጠፍሩን ቅቤ ይቀባዋል፣ የሳሳውን ይለውጣል፣ የሚወርደውንም ሰው ይመዝናል። ከዛፍ ላይ ያንጠለጠለው ትልቅ የእንጨት ሚዛን ነበረው። በአንዱ ወገን ሰው ይቀመጣል፣ በሌላው ወገን እኩል እኩል የሆኑ ድንጋዮች ይደረደራሉ። አንዱ ድንጋይ በዛሬ ሚዛን ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ጠፍሩ አርባ ስምንት ድንጋይ ይችላል፤ ከዚያ የከበደ ሰው አይወርድም። ሕጉ ይኸው ነበር።

ሀብታሙ ሰው በጎልማሳነቱ በዚያ ጠፍር እንደ ልቡ ይወጣ ይወርድ ነበር። ኋላ ከብቱ በዛ፣ አሽከሩ በዛ፣ የፈለገው ሁሉ በጠፍር እየተሳበ ደጁ መጣለት። መውረዱን ተወው። አንዲት ልጅ ነበረችው፤ እሱ ያልወደደውን ሰው ወድዳ ከታች አገባች። ሰርጓ ላይ አልተገኘም። ሦስት ዓመት ተኳርፈው ቆዩ። ቁጣው በርዶ ልሂድና ልያት ባለ ጊዜ ሰውነቱ ከብዶ ነበር፤ ያንንም ለማንም መናገር አፈረ።

በኅዳር ወር አንድ መልእክተኛ ወጣ። «ልጅዎ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው» አለው። «እንዲህም ብላለች፦ አባቴ መጥቶ ልጄን ይመርቅልኝ። እኔ ሕፃን ታቅፌ ያንን ገደል አልወጣም። ቢዘገይም እጠብቀዋለሁ።»

ሰውዬው አለቀሰ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን ያላነሣች ልጅ አባቴ አለችው። ወዲያው ተነሥቶ ወደ ጠፍሩ ሄደና ሚዛኑ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ድንጋይ ጨመረ፣ ጨመረ፣ ጨመረ። ስልሳ ሞላ።

«ጌታዬ፣ አሥራ ሁለት ድንጋይ ማራገፍ አለብዎት» አለ ሽማግሌው።

«በስንት ጊዜ ይሆንልኛል?»

«በሁለት ሳምንት አንድ ድንጋይ። ሳይጎዳ የሚከሳ ሰው ከዚያ አያልፍም። አንዳንዴም ያንን አያህልም። ግንቦት ላይ ይወርዳሉ።»

«ግንቦት! ክርስትናው እኮ በአርባ ቀኑ ነው!»

«ክርስትናው ያልፋል» አለ ሽማግሌው። «ልጁ ግን የትም አይሄድም፤ እዚያው ነው።»

ልብ በይ፣ መልሱን በመጀመሪያው ቀን ሰምቶታል። ልጅቱም እጠብቃለሁ ብላለች። ያቻኮለው ሰው አልነበረም። እሱ ግን በዙሪያው የቆመውን ሰው አየና አፈረ፤ አፍሮም አልቀረ፣ ፎከረ። «በልጅ ልጄ ክርስትና ቀን ከታች ካልተገኘሁ ወንድ አትበሉኝ!» አለ። ሰዉም እልል አለለት። እልል ለሚለው ሰው ምን ይከብደዋል? የሚራበው ሌላ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀን አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎና ውሃ ብቻ ሆነ ቀለቡ። ቀን ቀን ሁለት ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር ይቀመጥና ላቡን ያፈሳል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሲመዘን አምስት ድንጋይ ቀለለ። ሰዉ ጉድ አለ። ሰውዬውም ወደ ሽማግሌው ዞሮ «ያንተ በሁለት ሳምንት አንዱ የት ደረሰ?» አለው።

«ይኼ የወረደው ውሃ ነው፣ ጌታዬ» አለ ሽማግሌው። የሰማው የለም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሦስት ድንጋይ ቀለለ። በሦስተኛው ሁለት። አሁን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይበርደው ጀመር። ከቤቱ እስከ አጥሩ በር ሲሄድ መካከል ላይ አንዴ ይቀመጣል። ጠጉሩ ከትራሱ ላይ ይለቀም ነበር። ሰው ሰላም ሲለው ይቆጣል፤ ዝም ሲለውም ይቆጣል።

ሚስቱ አንድ ቀን ትንሽ የአጃ ሾርባ አቀረበችለት። «እባክዎ ይቺን ይቅመሱ። ትናንት ዋንጫው ከእጅዎ ሲወድቅ አይቻለሁ» አለችው።

«ዋንጫው እርጥብ ነበር» አላት። ሾርባውንም ለውሻ አሰጠው።

በአራተኛው ቅዳሜ ምንም አልቀለለም። አንድም ድንጋይ። ሰውነት እኮ እንደ ደኃ ቤት ነው፤ የሚገባው ሲያንስ ያለውን መቆጠብ ያውቃል። ሰውዬው ግን ይህን አልተረዳም። ድንጋዮቹን ለወጣችሁብኝ ብሎ ጮኸ። አንድ በአንድ በገዛ እጁ ቆጥሮ አያቸው፤ ያው ናቸው። ቤቱ ገብቶ ቆሎዋንም ተዋትና ኮሶ ጠጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ደገመ። ኮሶ የሚጠጣው ለትል ነው፤ እሱ ለድንጋይ ጠጣው። በአምስተኛው ቅዳሜ ሁለት ድንጋይ ቀለለና ሚዛኑ ልክ አርባ ስምንት ላይ ቆመ። ማግስቱ ክርስትናው ነበር።

እሑድ ጠዋት ሰዉ ሁሉ ገደሉ አፍ ላይ ተሰበሰበ። ሰውዬው ነጭ ለብሶ፣ ሁለት ሰው ደግፎት መጣ። ሽማግሌው እጆቹን አየ። ቆዳው ከአጥንቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጌታዬ፣ ከመውረድዎ በፊት እስቲ ከዚህ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠልጠሉ። እኔ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ልድገም። እስክጨርስ ከቆዩ ይወርዳሉ።»

ሰውዬው ተቆጣ። «ሕጉ ሚዛን ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ሚዛኑን ሞላሁ። ደግሞ ምን አዲስ ሕግ ታመጣለህ?»

«እንግዲያው ወገብዎን ልሰርዎትና ቀስ አድርገን እናውርድዎት።»

«እንደ ሬሳ? ልጄ ከታች ቆማ እያየችኝ?»

ሽማግሌው ጠፍሩን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። ሕጉ ስለ ክብደት እንጂ ስለ እጅ አንድም ቃል የለውም። ሰውዬውም ትልቅ ሰው ነው፤ የሚያየውም ሰው ብዙ ነው። ሽማግሌው ጠፍሩን ሰጠው። እኔ በዚህ ነገር ከሁሉም ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ሽማግሌው ያውቅ ነበር። እያወቀ ሰጠው።

ከታች ልጅቱ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋ ቆማለች። «አባዬ፣ ቀስ በል! ቀስ!» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ደኅና ወረደ። እግሩ መንገዱን አልረሳም ነበር። ከገደሉ ወገብ ላይ ሲደርስ ግን አለቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እግር የሚረግጠው ያጣል፤ ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚጥለው በእጁ ላይ ነው። ሰውዬው እዚያ ላይ ቆመ። ከላይ ያሉት ዕረፍት ያደረገ መሰላቸው። ከታች ያለችው ልጁ ግን ፊቱን ታየው ነበርና መጮህ ጀመረች። ወደ ላይ ሊመለስ ሞከረ፤ አልቻለም። ጣቶቹ ተከፈቱ።

ጠፍሩ አልተበጠሰም። አርባ ስምንት ድንጋይ እችላለሁ እንዳለ ችሎት ነበር። ያልቻለው እጁ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ። እሱ የሚለቅምበት ጊዜም አላገኘ። ልጅቱ ሕፃኑን ለባሏ አቀብላ አባቷ ሬሳ ላይ ወደቀች። እንደ ሌላው አልቃሽ አልገጠመችም፣ ሙሾም አላወረደች። አንድ ነገር ብቻ እየደጋገመች ትለው ነበር። «እጠብቅሃለሁ ብዬ ልኬብህ ነበር እኮ። እጠብቅሃለሁ ብዬህ ነበር እኮ።» ሽማግሌውም ከዚያን ቀን በኋላ ሰው አልመዘነም።

እንግዲህ ልጄ፣ አሁን ወዳንቺ ልምጣ። አንቺም ሚዛን ገዝተሽ መኝታ ቤትሽ ውስጥ አስቀምጠሻል፤ ጠዋት ማታ ትወጪበታለሽ። ሚዛኑ ስንት እንደወረደ ይነግርሻል፤ ምን እንደወረደ ግን አይነግርሽም። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ኪሎ ቀነስኩ ብለሽ ደስ አለሽ አይደል? የሰውዬው አምስት ድንጋይ ያ ነው፤ ውሃ ነው። ከዚያ በኋላ ረኃብሽ የሚበላው ስቡን ብቻ አይደለም፤ የክንድሽን ሥጋ፣ የጉልበትሽን ሥጋ፣ የልብሽን ብርታት ይበላል። ለመቆም፣ ልጅ ለማንሣት፣ ደረጃ ለመውጣት የምትይዢበትን እጅ ይበላል። ሚዛኑ ያንንም ሲቀንስ እሰይ ያሰኝሻል።

ሐኪምሽ ያለሽ በዓመት ውስጥ አሥራ ስምንት ኪሎ ነው። «እስከ ፋሲካ» የሚለውን ከየት አመጣሽው? ሐኪሙ አልተናገረም። የእኅትሽ ሰርግ ዳግም ትንሣኤ ላይ ስለሆነ፣ ቀሚሱም ስለጠበበሽ፣ ቀኑን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ። ሁዳዴውንም መሸፈኛ አደረግሽው። እኔ የንስሐ አባትሽ ነኝ፤ ጾምና ቀሚስን ለይቼ አውቃለሁ። ለቀሚስ የሚጾም ጾም በእኔ ዘንድ አይጻፍልሽም።

ቁጥሩን ፈልገሽ ነበር፤ እንኪ። ሰውዬው በሁለት ሳምንት አንድ ድንጋይ ተብሎ ነበር፤ እሱም በሳምንት አንድ ኪሎ ማለት ነው፤ ለዚያውም ለስልሳ ድንጋይ ሰው። አንቺ የእሱን ያህል አይደለሽም። ግማሽ ኪሎ ይበቃሻል። ደኅና በሆነልሽ ሳምንት ትንሽ ይበልጥ ይሆናል፤ ከአንድ ኪሎ ግን አትለፊ። ምንም የማይወርድበት ሳምንትም ይመጣል። ያን ጊዜ ሚዛኑ ላይ አትጩሂ፣ ኮሶም አትፈልጊ፤ እንደ ወትሮሽ ብዪ፣ እንደ ወትሮሽ ተራመጂ፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ጠብቂ። ቢቆጠር ዓመቱ ይበቃሻል፤ እንዲያውም ይተርፍሻል።

«ሰርጉስ?» ትዪኛለሽ፤ አውቃለሁ፣ ከአፍሽ ላይ ነው። ቀሚሱን ልብስ ሰፊው ያስፋልሽ፤ ሥራው ነው። እኅትሽ የምትፈልገው አጠገቧ የምትቆም እኅት ነው። በቤትሽም ሁለት ልጆች አሉሽ፤ እነሱ ስንት ኪሎ እንደሆንሽ ጠይቀውሽ ያውቃሉ? ወድቀሽ ሲያነሡሽ ግን ትንሹ ሲጮህ የነበረው ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ተነሺ በይ። ቅዳሴው ወጥቷል፤ የዕለቱ ጾም ተፈትቷል። ቤትሽ ግቢና ምስሩንም ጎመኑንም በእንጀራ በወጉ ብዪ። እኔ አርጅቻለሁ፤ በዚህ ደብር ብዙ ሰው ቀብሬአለሁ። አንቺን ለመቅበር ጉልበት የለኝም።