ጋሽ ኤርሲዶ የሞሉት ቀለም

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ። ባለቤታቸው ጋሽ ኤርሲዶ ትንሽ የጽሕፈት ሱቅ ነበራቸው፤ የመዘምራኑን የመዝሙር ወረቀት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያትሙት እሳቸው ነበሩ። ለማተሚያው አዲስ የቀለም ካርትሪጅ መግዛት አይወዱም። ቀለሙ ሲያልቅ በመርፌ ይሞሉታል። ታዲያ እሁድ ጠዋት የጸሎት ቤቱ በር ላይ ቆመው ሲጨብጡን ጣታቸው ጥቁር ነው። ያን ጣት ያየ ሰው፣ ዛሬ አዲስ መዝሙር አለ ብሎ ደስ ይለዋል። ደግ ጊዜ ነበር።

ጋሽ ኤርሲዶ አረፉ። ሱቁ ተዘጋ። ባለቤታቸው ማተሚያውን ወደ ቤት ወሰዱት። በመጨረሻዋ ቅዳሜ ጋሽ ኤርሲዶ ካርትሪጁን ጢም አድርገው ሞልተውት ነበር። እናትም ይህ ቀለም እንዳያልቅባቸው ማተሚያውን ነጠላ አልብሰው አስቀመጡት። ጎረቤት አንድ ገጽ ብቻ ብሎ ቢለምን፣ አይሆንም። በዓል ሲመጣ አቧራውን ይጠርጋሉ፤ መልሰው ይሸፍኑታል።

ዓመታት አለፉ። ልጃቸው ልታገባ ሆነ። እናት ምን አሉ? የሠርጓ ጥሪ አባቷ በሞሉት ቀለም ነው የሚታተመው አሉ። ነጠላውን ገለጡ። ወረቀት አስገቡ። ነጭ ሆኖ ገባ፤ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ካርትሪጁን በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ማተሚያ ጠጋኝ ሄዱ። ጠጋኙ፣ ይሞላ ወይስ አዲስ ይገዛ ከማለቱ በፊት፣ መጨረሻ ያተሙበት መቼ እንደሆነ ጠየቃቸው። እንዳያልቅ ብለው ጭራሽ እንዳልነኩት ነገሩት።

«እናቴ፣» አላቸው፣ «ቢያትሙበት ኖሮ አይደርቅም ነበር። ያደረቀው መቀመጡ ነው።»

እዚያው አለቀሱ። ወገኖቼ፣ ማን አያለቅስም? ያደረቁት እኮ ስለወደዱት ነው።

ጠጋኙ ግን ዕቃው ደህና ነው፣ አይጣልም አለ። የካርትሪጁን አፍ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነከረው። የደረቀው ቀለም ቀስ እያለ ለቀቀ፤ ውሃው ጠቆረ። ከዚያ መርፌውን ለእናት ሰጣቸው፤ አዲሱን ቀለም በእጃቸው ሞሉት። ጥሪው ታተመ። የጋሽ ኤርሲዶ ስም መጀመሪያ ደብዘዝ፣ ቀጥሎ ጥርት ብሎ ወጣ። በየሳምንቱ አንድ ገጽ እንዲያትሙ አደራ ብሎ ሸኛቸው። በሠርጉ ቀን እናት በር ላይ ቆመው እንግዳ ሲቀበሉ፣ ጣታቸው ጥቁር ነበር።

እናንተስ? በተገናኘን ቁጥር የዚያን ጊዜ ጸሎት፣ የዚያን ጊዜ መዝሙር እያልን እናወራለን። ሣር ክዳኗን ጸሎት ቤታችንን፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ተጋርተን የምናነብበትን ጊዜ። እኔም ይናፍቀኛል፤ አልዋሽም። ግን ያ መዝሙር መጨረሻ ከአፋችሁ የወጣው መቼ ነው? ልጆቻችሁ ሰምተውታል? ወይስ በዓል ሲመጣ አቧራውን ብቻ ትጠርጉለታላችሁ?

ደርቋል ብላችሁ አትጣሉት። አምጡት፤ ይነከር። የሚሞላ አምላክ አለ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁን አስቀምጡና አንዱን ዘምሩላቸው። ድምፃችሁ መጀመሪያ ቢደበዝዝም ግድ የለም፤ ዘምሩ።

የሚመጣው እሁድ በሩ ላይ ቆሜ እጨብጣችኋለሁ። ጣታችሁን አያለሁ።